ሲዘንብ የት ትተኛላችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ያልለቀቀኝ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሰው ቤት ስገባ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ዓይኔ ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ከኮርኒሱ ወደ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በቀደም አንዲት ጎረቤቴን እናቷ ሞተውባት ላጽናናት ሄጄ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እያልኩ በመስኮቱ ጥግ የወረደውን ርጥበት ስመለከት ያዘችኝ። "ብርቱካን፣ እናቴ ሞታ አንቺ ጣራ ትመረምሪያለሽ?" አለችኝና ከሐዘኗ መሀል ሣቀች። እኔም አፈርኩ። ቢሆንም ምስማሩ የለቀቀውን ቆርቆሮ ሳላሳያት አልወጣሁም።

ሥራዬ ይኸው ነበር። አከራይ "ቤቱ ደህና ነው" ሲል፣ ተከራይ "በላዬ ላይ ሊወድቅ ነው" ሲል፣ ዳኛ ወይም ሽማግሌ "እስኪ ባለሙያ ሄዶ ይየው" ይላል። ያቺ ባለሙያ እኔ ነበርኩ። ሄጄ አያለሁ፣ ለክቼ እጽፋለሁ፣ ማኅተም አስደርጌ እሰጣለሁ። ዲላ ውስጥ ብዙ ሰው "ኢንጂነር" እያለ ይጠራኛል፤ እኔ ግን ያለኝ የንድፍ ሥራ ዲፕሎማና ጭቃ የማይፈራ ጫማ ብቻ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ "ኢንጂነር አይደለሁም" እያልኩ አርም ነበር። በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት።

ሰው ስለ ሥራ ዘመኔ ሲጠይቀኝ ደስ ደስ የሚሉትን ነው የማወራው። ዛሬ ግን ስለ እትዬ ወርቄ ቤት ልጻፍ። እትዬ ወርቄ ልብስ ሰፊ ናት። በዕድሜ እኩያዬ ብትሆንም ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ስለሚላት እኔም እላታለሁ። የተከራየችው ቤት አንድ ግድግዳ ሊወድቅ ደርሶ ነበር፤ ጉዳይዋም አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ተጠግኖላት እዚያው ትኑር ወይስ ደንበኞቿን ጥላ ትውጣ። ያንን ጉዳይ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳበላሸሁት እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ማወቅ አለባችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ፍስሐ ገነት ነው። የቡና ነጋዴ ከተማ ናት፤ በቡና ወቅት የሚከራይ ቤት አይገኝም፣ ከቡና ወቅት ውጪ የሚጠግን አከራይ አይገኝም። ደሞዜ ከቤት ኪራይና ከአንድ ጥንድ ጫማ አያልፍም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ጣራ ስወጣ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ይሰበሰባል። አንድ ቀን አንዲት እናት ከታች ሆነው "ልጄ፣ ባል አጥተሽ ነው ጣራ የምትወጪው?" ብለው ጠየቁኝ። "ጣራ ስለምወጣ ነው ያጣሁት" አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

እዚያ ያገኘኋቸው አለቃዬ ጋሽ በሪሶ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አናጺ ነበሩ፤ ተምረው ሳይሆን ቤት ሠርተው ሠርተው ቤት እንዲያዩ የተቀጠሩ ሰው ናቸው። ጌዴኦ ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ስለሆነ ወንድና ሴቱን እንደመጣላቸው ይናገሩታል። እኔን "ልጄ፣ ና ተቀመጥ" ይሉኛል፤ ቤቱን ደግሞ "ታማለች" ይሉታል። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን አላረምኳቸውም፤ ቤት ሲታመም ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ።

ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ጋሽ በሪሶ ያኔ ኮፍያቸውን አድርገው ከቢሮ ይወጣሉ። "ቤት በፀሐይ ትዋሻለች" ይሉ ነበር። ለማንም ሳይነግሩ ነው የሚሄዱት። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ሳይነግሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው የምትል ስለሆነች መጀመሪያ ላይ በጣም ይጨንቀኝ ነበር። እሳቸው ግን በጭቃ ጫማቸው በር ላይ ይቆማሉ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ይላሉ፣ ዱካ ስበው ይቀመጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ይላሉ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ውሃ ይሰማሉ፤ የሚንጠባጠበው ከየት እንደሆነ በጆሯቸው ይፈልጋሉ።

ከዚያ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። "ሲዘንብ የት ትተኛላችሁ?"

"ቤታችሁ ያፈሳል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው "ትንሽ ትንሽ" ነው የሚላችሁ። አከራዩን ይፈራል፣ ጎረቤቱን ያፍራል። "የት ትተኛላችሁ?" ሲባል ግን እጁ ሳያስበው ያመለክታል። አልጋው ለምን ከግድግዳው እንደራቀ፣ ልጆቹ ለምን ጠረጴዛ ሥር እንደሚያድሩ ያኔ ይወጣል። ጋሽ በሪሶ ይህን ሰምተው ብቻ ነው ወደ ግድግዳው የሚሄዱት።

ኪሳቸው ውስጥ ተራ የሰፌድ ወስፌ አይጠፋም። የጭቃ ቤት ሕይወቱ ማዕዘን ላይ የቆመው እንጨት ነው። ምስጥ ከሥር ገብቶ ውስጡን ሲጨርሰው ላዩ ደህና ይመስላል። ጋሽ በሪሶ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በወስፌው ይወጉታል። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ያስገባል፤ የተበላ ከሆነ ወስፌው እስከ እጀታው ይሰምጣል። ቀጥለው በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል። ደህናው "ኳ" ይላል፣ የታመመው "ዱብ" ይላል። እኔ ያንን ድምፅ ለመለየት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደግሞ ሳያዩ አይበሉም። አገራችን መቼም እንግዳን ባዶ አፉን አይመልስም፤ ቆጮው ይቀርባል፣ አይቡ ይቀርባል። ጋሽ በሪሶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "መጀመሪያ ቤቷን ልይ" ይላሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው "የበላሁበት ቤት ላይ እውነት መጻፍ ይከብደኛል" አሉኝ። ተከራዩን አይተው ሲጨርሱ ደግሞ ወደ አከራዩ ይሄዱና እዚያም ይቀመጣሉ። አከራይን ጠላት ሲያደርጉት አላየሁም። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ተጨናቂ እሱ ነው ይሉ ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ጪጩ ወደሚገኘው የእንሰትና የቡና ማሳቸው ገቡ። እኔ ወደ ዲላ ተዛወርኩ። የዲላው አለቃዬ አቶ መላኩ ጥሩ ሰው ነው፤ ማኅተም ግን ያመልካል ማለት ይቻላል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእሱ ዘንድ ከቤቱ ይልቅ እውነት ነው። ዲላም ሌላ ዓለም ሆና ጠበቀችኝ። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ ከአራቱም ማዕዘን ሰው ይመጣል፣ ቦታ ያለው ሁሉ ግቢው ውስጥ ክፍል ቀጥሎ ያከራያል። ከጎንደሩ፣ ከጉራጌው፣ ከሲዳማው ጋር አንድ አጥር ውስጥ መኖር የዲላ ልማድ ነው። ጣራው ሲያፈስ ደግሞ የሁሉም ላይ እኩል ነው የሚያፈሰው።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ በመጋቢት ወር፣ ከቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ወርቅነሽ የምትባል ተከራይ ቤት ታይቶ ሪፖርት ይቅረብ ይላል። አቤቱታውን የጻፈችው ራሷ እትዬ ወርቄ አልነበረችም። እዚያው ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየች ሐያት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። የደሴ ልጅ ናት፣ አንደበቷ አይታሰርም። በኋላ እንደነገረችኝ እትዬ ወርቄን ለማስፈረም ብቻ ሁለት ሳምንት ለምናታለች።

"እትዬ ብርቱካን፣ ፌር አይደለማ! ግድግዳው ሆዱ ተነፍቶ እሷ ካላንደር ትሰቅልበታለች" ነበር ያለችኝ።

እትዬ ወርቄ ያልከሰሰችው ሞኝ ሆና አይደለም። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ የአከራዩ የአቶ ዱካለ የቡና መኪና ሹፌር ነበር። ታሞ ሲሞት የቀብሩን ወጪ የቻሉት አቶ ዱካለ ናቸው። ከዚያም ወዲህ ስንት ዓመት ኪራይ ሳይጨምሩባት ኖረዋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ቆመው ይዘምራሉ። እንዲህ ያለውን ሰው "ግድግዳህን ጠግን" ብሎ ወረቀት መላክ በእኛ አገር ፊት መንሳት ነው። ስለዚህ እትዬ ወርቄ ሦስት ጊዜ በአፏ ነገረቻቸው። የነገረችበት ቃል ደግሞ ይህ ነበር፤ "ጋሼ፣ ግድግዳው ትንሽ ደክሟል።"

አቶ ዱካለም ሦስት ጊዜ "እሺ፣ ቡና ይድረስ" አሏት። እሳቸውም እንደ ጋሽ በሪሶ ጌዴኦ ናቸው፤ አሪቻ አካባቢ ቡና አላቸው። እዚህ ሰርጉም፣ ቆርቆሮውም፣ የልጅ ትምህርትም "ቡና ሲደርስ" ነው። ሰውየው አልዋሹም፤ በየዓመቱ ከልባቸው ነበር ያሉት። አንዱ ዓመት ቡና ለልጃቸው ሰርግ ዋለ፣ ሌላው ዓመት ዋጋው ወደቀ። ምስጥ ግን ቡና እስኪደርስ አይጠብቅም። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለዚህ ነበር።

እኔ ደግሞ ደብዳቤው እንደደረሰኝ ያደረግሁትን ልናገር። ስልክ ደወልኩ። "እትዬ ወርቄ፣ ሐሙስ ጠዋት ቤትሽን ለማየት እመጣለሁ" አልኳት፣ እንደ ጨዋ ሰው። ስትመልስልኝ ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ ነበር፤ የደስታ መሰለኝ።

ሐሙስ ፀሐይ ነበር። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ቤቱ ውስጥ ግድግዳው በኖራ ነጭ ሆኖ ያበራል። ማዕዘኑ ላይ ትልቅ ቁም ሳጥን ቆሟል፣ ዳንቴል ለብሷል። የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ በኩል፣ በቀለም በቀለም የተደረደሩ ጨርቆች ከጎኗ። የእርጥብ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። "ቤቷን እንዴት አድርጋ ነው የያዘችው!" ብዬ አሰብኩ እንጂ ለምን ጭቃው እርጥብ ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተዘጋጀ ቤት ነበር። እኔንም ሊጎበኝ እንደመጣ ዘመድ ነበር የጠበቀችኝ።

"ኢንጂነር፣ ቁጭ ይበሉ፣ ደክሞዎታል" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ቆጮ በጎመን ቀረበ፤ አይቡ ቅቤ ተደርጎበታል። በላሁ። ስበላ ስለ ባሏ አጫወተችኝ፤ ስለ አቶ ዱካለ ደግነት አጫወተችኝ። ስለ ግድግዳው ስጠይቃት "ትንሽ ደክሟል እንጂ ደህና ነው፤ ያቺ ልጅ ናት ያካበደችው" አለች። ቁም ሳጥኑን አንሡልኝ ማለት አሳፈረኝ፤ ዳንቴሉን አይቼ። በሌላው በኩል ያለውን ቋሚ መታ መታ አድርጌ "ኳ" ሲል ደስ አለኝ። ወስፌዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ "መጠነኛ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ለአደጋ የሚያሰጋ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። አቶ መላኩ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዲላ ዝናብ እንደ ልማዱ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። እትዬ ወርቄ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ቁም ሳጥኑ ወደ ፊት ሲያጋድል አየች። መሸሽ ሲገባት የሰው ልብስ እንዳይበላሽባት ጨርቆቹን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። ግድግዳው ከነማገሩ መጣ። ሐያት ጮኻ ሰፈሩን ሰብስባ አወጧት። ሕይወቷ ተረፈ። የግራ እጇ ግን ተሰበረ፤ ሁለቱ ጣቶቿ ከዚያን ቀን ወዲህ አይታጠፉም። ለልብስ ሰፊ ግራ እጅ ጨርቁን የሚመራው እጅ ነው።

ሐኪም ቤት ልጠይቃት ስገባ እጇ በጀሶ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ነበር። እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢሆንልኝ ኖሮ ያንን እመርጥ ነበር።

"ይቅርታ ኢንጂነር" አለችኝ። "አሳፈርኩዎት። እርስዎ ደህና ነው ብለው ጽፈው፣ ቤቱ ወደቀ።"

ከዚያ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ስትመርግና ኖራ ስትቀባ እንደዋለች፣ ቁም ሳጥኑን ሰው ጠርታ ስንጥቁ ፊት እንዳስቆመችው፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ የምትቀበልባቸውን ጎድጓዳ ሳህኖች አልጋ ሥር እንደደበቀች ነገረችኝ። "እንግዳ ሲመጣ ገመናዬን እንዴት አሳያለሁ?" አለች። ደጅ ወጥቼ በአጥሩ በኩል ዞሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጪጩ ሄድኩ። ጋሽ በሪሶ ከእንሰቱ መሀል ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ግን ያው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

"ከማየትህ በፊት በላህ?" አሉኝ።

"በላሁ።"

"ምን?"

"ቆጮ በጎመን። አይብም ነበረው።"

"ጥሩ ነበር?"

"በጣም" አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሣቁ። እኔም እያለቀስኩ ሣቅሁ። ከዚያ ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ የተሳሳተ ወረቀት ላይ ልስን አይለሰንም። ያፈርሱታል" አሉኝ።

ማፍረሱ ግን ቀላል አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በድጋሚ ሲቀመጥ የእኔ ሪፖርት ለአቶ ዱካለ መከላከያ ሆነ። ሰውየው አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙና ተናገሩ።

"ወርቄ እህቴ ነው። አዝናለሁ። ግን ባለሙያ አያሰጋም ብሎ ጽፏል። ከዛ በፊት ወርቄ በውሃ ጭቃ መረገ፤ ግድግዳ ከበደ፣ ወደቀ። እኔ ምን አጠፋሁ? ቤቱም አሁን የለም። የሌለ ቤት እንዴት አከራያለሁ?"

ከሦስቱ ዳኞች መሀል የተቀመጡት ሰብሳቢ ወደ እትዬ ወርቄ ዞረው "ብልሽቱን ነግረሻቸዋል?" አሏት።

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ትንሽ ደክሟል ብዬ።"

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሣቁ። እሷ ወደ መሬት አየች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ውሉ ፈረሰ ይባላል፣ ትወጣለች፤ በተሰበረ እጇ፣ ደንበኞቿ የሚያውቋትን በር ትታ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ከዋዜማው አቶ መላኩ ቢሮው ጠርቶኝ "ብርቱካን፣ ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት አይሻርም፤ ጡረታሽን አስቢ" ብሎኝ ነበር። ለእኔ አዝኖ ነው ያለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እዚያው ብቀመጥ ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

ተነሣሁ። "ክቡራን ዳኞች፣ ያ ሪፖርት ስሕተት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ቁም ሳጥኑን ሳላስነሣ እንደጻፍኩ፣ የማዕዘኑን ቋሚ እንዳልወጋሁት፣ የጭቃውን ሽታ ሰምቼ እንዳለፍኩት፣ በልቼ እንደጻፍኩ ሳይቀር ተናገርኩ። የወደቀውን ቋሚ ቁራጭ በፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ዳኞቹ ፊት በወስፌ ወጋሁት፤ እስከ እጀታው ሰመጠ። "ይህን የበላው የሁለት ቀን ጭቃ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ምስጥ ነው" አልኩ። ሐያትም ስልኳን አወጣች። ከወራት በፊት ለደሴዋ እናቷ "የዲላን ዝናብ እይልኝማ" ብላ የላከችው ቪዲዮ ነበር፤ ከበስተጀርባ ያ ግድግዳ አብጦ ይታያል፣ ውሃ በስንጥቁ ይወርዳል። አቶ ዱካለ ስልኩን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አዩት። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ወርቄ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን እንዲህ ነው አላልከኝም?" አሏት። የምራቸውን ነበር።

ዳኞቹ ቤቱ በአከራዩ ወጪ በአንድ ወር ውስጥ እንዲሠራ፣ የሕክምናዋን ወጪ እንዲሸፍኑ፣ እስኪያልቅ ኪራይ እንዳይጠየቅባት፣ ሲያልቅም እዚያው እንድትኖር ወሰኑ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ማኅተሙ በደንብ የታተመ ነበር። አቶ መላኩ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም፤ ሻይ ግን አዘዘልኝ።

ሥራውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አየሁት። ማንም አላዘዘኝም። አዲሶቹን ቋሚዎች አንድ በአንድ መታሁ፤ እግራቸው በተቃጠለ ዘይት ተነክሮ ድንጋይ ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ጣራው ላይ አሸንዳ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ በሪሶ በሰው ተደግፈው ከጪጩ መጡ። ዱካ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ዝም አሉ፤ ከዚያ "ድናለች" አሉ። አቶ ዱካለ ያን ጊዜ አጠገባቸው ነበሩ። ሁለቱ በጌዴኦኛ ብዙ አወሩ፤ ስለ ምስጥ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅሁት። ቡና ገና አልደረሰም ነበር፤ ሰውየው ገንዘቡን ከየት እንዳመጡት ባላውቅም አመጡት።

አሁን ጡረተኛ ከሆንኩ በኋላም ተከራዮች በረንዳዬ ላይ ይመጣሉ። ለሁሉም የምለው አንድ ነው። አከራይ ቤቱን ለሰው መኖሪያ እንዲሆን አድርጎ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ይህ ልመና አይደለም፣ ሕግ ነው። የአንቺ ግዴታ ደግሞ የተበላሸውን ቶሎ፣ በግልጽ፣ በጽሑፍ መንገር ነው። በቃል መዋዋልን ተዉት፤ አሁን ሕጉም ውል ተጽፎ ይመዝገብ ይላል። ዘግይቶ ካስቸገረሽ ዳኛ ዘንድ ሂጂ፤ ሳታስፈቅጂ ራስሽ ጠግነሽ ኪራይ እቀንሳለሁ አትበይ። ከሁሉ በላይ ባለሙያ ሊያይ ሲመጣ አትጥረጊ፣ አትለስኚ፣ ሳህኑን ከሚንጠባጠብበት አታንሺ። አንዳንዶቹ ይሣቃሉ። "ሰው ሲመጣ ሳልጠርግ?" ትለኛለች አንዷ፤ በዓይኗ እንደ ዕብድ እያየችኝ። ቁጣዬ ይመጣና የእትዬ ወርቄን ታሪክ እነግራታለሁ።

የዚያ ቤት ነገር ያበቃው ግን ፍርድ ቤት አይደለም። ሥራው ያለቀ ዕለት ሽማግሌዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እየገቡ "ቤት ለእምቦሳ" ይላሉ፤ እትዬ ወርቄ በር ላይ ቆማ "እምቦሳ እሰሩ" ትላለች። መጋቢው ጸለዩ። እትዬ ወርቄና አቶ ዱካለ ከፍርድ ቤቱ ቀን ወዲህ እሑድ እንኳ ጎን ለጎን አይቆሙም ነበር፤ ሰው ሁሉ የመጣው ያንን ለማስታረቅ ነው። አቶ ዱካለ ተነሥተው መሀል ቆሙ።

"ወርቄ እህቴ ነው" አሉ። "ጥፋት የእኔም አለ። ዛሬ ቤት አለቀ፣ ቂም የለም። ወርቄ፣ ደስ አለህ?"

ሁሉም ምን እንደምትል ያውቃል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" ትላለች፣ ጉልበታቸውን ልትስም ትጎነበሳለች፣ እሳቸው ብድግ ያደርጓታል፣ ወደ ምግቡ እንሄዳለን። እኔም እጄን ለጭብጨባ አዘጋጅቼ ነበር።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። የማይታጠፉትን ጣቶቿን በሌላው እጇ ይዛለች። "ግድግዳው ጥሩ ነው። ጣራውም ጥሩ ነው። በሩ ግን ወለሉን ይነካል። ሲከፈት ይይዛል፤ በአንድ እጄ ልገፋው አልችልም።"

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከኋላ የነበረች ሴት "ወርቄ፣ ዛሬ?" አለች በሹክሹክታ።

"ዛሬ ቢስተካከልልኝ" አለች እትዬ ወርቄ፣ ለአቶ ዱካለ።

ሰውየው ወደ በሩ ሄደው ከፈቱት። ወለሉን ፋቀ። ዘግተው እንደገና ከፈቱት፤ እንደገና ፋቀ። ኮታቸውን አውልቀው ለመጋቢው አቀበሉና "መላጊያ ያለው ማን ነው?" ብለው ጮኹ። መላጊያው ሦስተኛው ጎረቤት ቤት ተገኘ። በሩን ነቅለው አጋድመው በላብ ተጠምቀው ሲልጉት፣ እትዬ ወርቄ አጠገባቸው ቆማ እስኪያልቅ ጠበቀች። አንድ ጊዜ እንኳ "ይበቃል ጋሼ" አላለችም።